«ሆዳሙ» ወንድሜን ምን ላድርገው?

የዛሬው ጉዳያችን የፍቅር አይደለም፤ የእንጀራ ነው። እንጀራም ቢሆን ግን አንዳንዴ ከፍቅር በላይ ትዳር ያናጋል።

ደብዳቤውን የላከችልኝ አማኑኤል አካባቢ የምትኖር ወጣት ባለትዳር ናት። ታናሽ ወንድሟ ከመንዝ ከመጣ አራት ወር ሆኖታል። ዕድሜው ሃያ አልሞላም። አገር ቤት ሳለ ከልጅነቱ ጀምሮ በግ ጠባቂ ነበር፤ ጓሳ ደጋ ላይ ከመንጋው ኋላ ሲባክን የሚውል። አሁን መርካቶ እህል በረንዳ ኩንታል ይሸከማል። የሚያድረው እህቱ ጋ ነው። ቤቷ ባለ አንድ ክፍል ስለሆነ ከመጋረጃው ወዲህ ሲሚንቶው ላይ ስስ ፍራሽ ዘርግቶ ይተኛል። ባለቤቷ ደግሞ ምናለሽ ተራ ትንሽ ሱቅ አለችው።

ጠቡ የተነሳው በመሶብ ነው። ልጁ ጠዋት ሁለት ዳቦ በሻይ ቀምሶ ይወጣል። ቀን ሻይ በአንድ ዳቦ ያደርጋታል፤ ምሳ ቢበላ እቁቡ ይጎድልበታላ! ማታ ሲገባ ግን ሦስት እንጀራ ያነሳል። ባልየው መጀመሪያ ይስቅ ነበር፤ ከዚያ መቁጠር ጀመረ። ሰሞኑን ደግሞ ልጁ እየሰማ «ይኼ ሆዳም ቤቴን ሊጨርሰው ነው» ብሎ ተናገረ። ከዚያች ማታ ወዲህ ልጁ አንድ እንጀራ ይበላና «ጠገብኩ እታለም» ብሎ እጁን ይሰበስባል።

እህቱን ያስጨነቃት ታዲያ መብላቱ ብቻ አይደለም። ሰኞ ዕለት ሱሪውን ስታጥብ ቀበቶው ሁለት አዲስ ቀዳዳ በሚስማር ተበስቶለት አገኘችው። እንዲህ እየበላ ይከሳል! በዚያ ላይ አንዳንድ ጠዋት አረቄ አረቄ ይሸታል። «ብርዱን የሚገድል ነው ብለው ጓደኞቼ ነገሩኝ» አላት። ጥያቄዋ እንግዲህ ይኼ ነው፤ ከባሏ ትጣላ፣ ወንድሟን ታስወጣ ወይስ ሐኪም ዘንድ ትውሰደው?

እህቴ፣ ከመፍረዳችን በፊት እስቲ ቁጭ ብለን ሂሳብ እንሥራ። መርካቶ ዳር እየኖሩ ያለ ሂሳብ መጣላት ነውር ነው።

ገላም ወጪ አለው

ሰው ተኝቶም ያወጣል። ልብ ይመታል፣ ሳንባ ይሠራል፣ አንጎል አያርፍም፣ ገላም ሙቀቱን 37 ዲግሪ አካባቢ ለማቆየት ይነዳል። የዚህ ሁሉ ነዳጅ የሚለካው በካሎሪ ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን ወጣት ወንድ ቀኑን ሙሉ አልጋ ላይ ቢውል እንኳ 1,600 ካሎሪ ያህል ያስፈልገዋል። ይኼ እንደ ቤት ኪራይ ነው፤ ብትሠራም ባትሠራም ትከፍላለህ።

ሥራ ሲጨመር ወጪው ይባዛል። የዓለም የጤና ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት የሚጠቀሙበት ስሌት አለ። ተቀምጦ ለሚውል ሰው ያቺ 1,600 በ1.4 እና በ1.7 መካከል ትባዛለች። ጉልበት የሚጨርስ ሥራ ለሚሠራ ደግሞ በ2 እና በ2.4 መካከል። በዚህ ስሌት 60 ኪሎ የሚመዝን ባለ ሱቅ በቀን ከ2,240 እስከ 2,700 ካሎሪ ያወጣል። ያው 60 ኪሎ የሆነ ተሸካሚ ግን ከ3,200 እስከ 3,800 ያወጣል። ልዩነቱ ብቻ የሁለት፣ የሦስት እንጀራ ያህል ነው!

አሁን ደግሞ ገቢውን እንይ። እንጀራ እንደ ጋጋሪዋ ነው፤ አንዷ ታወፍራለች፣ አንዷ ታሳሳለች። 300 ግራም ቢመዝን ግን 400 ካሎሪ አካባቢ ይሰጣል፤ አብዛኛው ክብደቱ ውሃ ስለሆነ ነው። የወንድምሽን ቀን እንቁጠር። የጠዋት ዳቦና ሻይ በግምት 450፤ የቀኗ ሻይና ዳቦ 250፤ የማታው ሦስት እንጀራ 1,200፤ የሽሮው ወጥ ከነዘይቱ 400። ሲደመር 2,300። ወጪው ደግሞ ቢያንስ 3,200።

አየሽ እህቴ? ባለቤትሽ «ሆዳም» ያለው ልጅ ሦስቱንም እንጀራ እየበላ በቀን 900 ካሎሪ ይጎድልበት ነበር። የጎደለውን ማን ይከፍለዋል? ገላው ራሱ ነዋ! መጀመሪያ ከስቡ፣ ስቡ ሲያልቅ ከሥጋው እያወጣ ይከፍላል። ቀበቶው ላይ የተበሱት ቀዳዳዎች የዚያ ዕዳ ደረሰኞች ናቸው።

ከስድቡ ወዲህስ? አንድ እንጀራና ጭላፊ ሽሮ። የቀኑ ሁሉ ገቢ ተደምሮ 1,300 ካሎሪ እንኳ አይሞላም። አልጋ ላይ ለተኛ ሰው የማይበቃ ምግብ በልቶ ኩንታል እየተሸከመ ነው ማለት ነው። ይኼ የመሶብ ጠብ ሳይሆን አደጋ ነው። ከመኪና አውራጁ ላይ ጉልበቱ ቢከዳው ኩንታሉ አንገቱ ላይ ነው የሚወርደው።

አገር ቤት ለምን አልታየም?

ደብዳቤሽ ውስጥ አንድ ነገር ቀልቤን ስቦታል። አገር ቤት ሳለ ስለ አበላሉ ማንም አውርቶ እንደማያውቅ ጽፈሻል። እዚያ ትንሽ ይበላ ስለነበር ይመስልሻል? አይደለም። እዚያ ወጪውም አበላሉም የሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ስለሆነ ማንም አይቆጥርም።

የመንዝ ጓሳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። የእኛዋ አዲስ አበባ 2,400 አካባቢ ናት፤ ያም ሆኖ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ አማኑኤል ደጅ ቆሞ ያስቀደሰ ሰው ጥርሱ እንዴት እንደሚንቀጫቀጭ ያውቀዋል። ጓሳ ላይ በበጋ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ሣሩ ነጭ ውርጭ ለብሶ ያድራል። እረኛው በዚያ ብርድ ቀኑን ሙሉ ዳገት ቁልቁለት ይላል። ለዚህ ነው መንዞች ከበጋቸው ፀጉር ባናና በርኖስ የሚሠሩት። ለዚህም ነው ምግባቸው ገብስ የሆነው፤ ቆሎው፣ በሶው፣ ቂንጬው።

ብርድ በምግብ የሚከፈል ቀረጥ ነው። ሰውነት ሲበርደው ይንቀጠቀጣል አይደል? መንቀጥቀጥ ቀልድ አይደለም፤ ጡንቻ ሸክም ሳይኖረው ለሙቀት ብቻ የሚሠራው ሥራ ነው። ሲበረታ በእረፍት ጊዜ ከሚወጣው ነዳጅ እስከ አራትና አምስት እጥፍ ይጨርሳል። ከዚህ ሌላ ሳይንቀጠቀጡ ሙቀት የሚያመነጭ ቡናማ ስብ የሚባል አለ። ድሮ የሕፃናት ብቻ ነው ይባል ነበር፤ በአዋቂዎችም ላይ እንደሚሠራ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው።

የዚህን ነገር ጫፍ ማየት የፈለገ ሳይቤሪያን ይይ። ሩሲያ ውስጥ ኤቨንኪ የሚባሉ አሉ። ሬንዲር የሚባለውን የበረዶ አገር አጋዘን እያረቡ ከቦታ ቦታ የሚዘዋወሩ ናቸው። ክረምታቸው ከዜሮ በታች 40 እና 50 ዲግሪ ይገባል። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ሄደው ሲለኳቸው አንድ የሚገርም ነገር አገኙ። እነዚህ ሰዎች ጋደም ብለው እንኳ የሚያወጡት ጉልበት ለቁመታቸውና ለክብደታቸው ከሚጠበቀው በላይ ነው። ገላቸው እንደ ምድጃ ሁልጊዜ ይነዳል። ከምክንያቶቹ አንዱ አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ በብርድ ጊዜ ሥራውን ማጠንከሩ እንደሆነ ይናገራሉ። ለዚያ ምድጃ ማገዶው ሥጋና ስብ ነው። ኤቨንኪ መሀል ተቀምጦ ብዙ የበላን ሰው «ሆዳም» የሚል የለም፤ እዚያ የማይበላ ሰው ይሞታላ!

መንዝ ሳይቤሪያ አይደለም። የመንዝ ሰውም መንደር ያለው ገበሬ እንጂ ተዘዋዋሪ አይደለም። ሕጉ ግን አንድ ነው። ብርድና ጉልበት ያወጡትን ምግብ መመለስ አለበት። ወንድምሽ ከብርዱ ቀረጥ ትንሽ ቢያርፍ የኩንታሉ ቀረጥ ጠበቀው። ወጪው ቦታ ለወጠ እንጂ አልቀነሰም።

አንድ ትልቅ ልዩነት ግን አለ። እረኛ በኪሱ ቆሎ፣ በስልቻው በሶ ይዞ ነው የሚወጣው። ቀኑን ሙሉ እየቆረጠመ፣ እያወጣ እያገባ ይውላል። ማታ ቤት ሲገባ ዕዳው ተከፋፍሎ አልቋል። ወንድምሽ ግን ቀኑን በሻይ ይገፋና ዕዳውን በሙሉ ማታ በአንድ ቁጭታ ይከፍላል። ባለቤትሽ የሚያየው ያንን አንድ ቁጭታ ብቻ ነው። ኩንታሎቹን አላያቸውም።

እኛስ ምን አለን?

ባለቤትሽም ሰይጣን አይደለም። የጤፍን ዋጋ የሚያውቅ፣ መሶቡ ሲጎድል የሚደነግጥ የቤት አባወራ ነው። ችግሩ ልጁን በራሱ ወጪ መለካቱ ነው። እሱ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ይውላልና ሁለት እንጀራ ያጠግበዋል። እንዲያውም ልጁ የሚበላውን ቢበላ ቦርጩ ሸሚዙን ቁልፍ ያስፈታው ነበር።

ይኼም ኤቨንኪዎች ላይ ታይቷል። በሶቪየት ዘመን መንግሥት መንደር ሲያሰባስባቸው ወንዶቹ ከመንጋው ጋር ሲቀሩ ብዙዎቹ ሴቶች መንደር ገቡ። እንቅስቃሴው ቀነሰ፤ ውፍረቱ በሴቶቹ ላይ በረታ። ሰው ያው ሰው ነው፤ ወጪው ሲቀንስ ገቢውን ካልቀነሰ ትርፉ ወገብ ላይ ይቆለላል። ከአገር ቤት መጥታችሁ ሱቅና ቢሮ የተቀመጣችሁ አንባቢዎቼ፣ ይቺ የእናንተ ናት።

ብዙዎቻችን የከተማ ልጆች ከገጠር የመጣ ዘመድ ብዙ ሲበላ «ፋራ ነው፣ አይጠግብም» እያልን እንሳሳቃለን። ማን ኩንታሉን እንደሚያወርድ፣ ማን የፎቁን ብሎኬት እንደሚያወጣ ግን አንጠይቅም። «ሆድ ካገር ይሰፋል» የተባለውም ስለ ምግብ ሳይሆን ስለ ቻይነት ነው። «ጠገብኩ እታለም» ያለው ልጅ ሆዱ ሰፊ ነው፤ ስድቡን ውጦታላ።

አረቄና ጫት

አሁን ወደ አረቄው። አረቄ ያሞቃል የሚሉ ሰዎች የሚሰማቸው ነገር እውነት ነው፤ የሚሆነው ግን ሌላ ነው። አልኮል በቆዳ ሥር ያሉትን የደም ሥሮች ያሰፋል። ሞቃቱ ደም ከውስጥ ወደ ቆዳ ይወጣል፤ ፊት ይግላል፣ ሰውየው «ሞቀኝ» ይላል። ያ ሙቀት ግን ወደ ውጭ እየተበተነ ነው። በርና መስኮት ከፍቶ ምድጃ እንደማንደድ ነው። መንቀጥቀጡንም ያደነዝዘዋል። በባዶ ሆድ አረቄ ጠጥቶ ኩንታል መሸከም ደግሞ ምን እንደሆነ ለመርካቶ ልጅ አይነገርም።

ጫትም እንዲሁ ነው። ረሀቡን ያስረሳል እንጂ አይከፍልም። ዕዳውን መጋረጃ ይጋርድለታል፤ ዕዳው ግን መጋረጃው ጀርባ ይወልዳል። ወንድምሽ ገና ጀማሪ ከሆነ ዛሬ ነው መናገር።

ምን ታድርጊ?

አንደኛ፣ ወንድምሽን አታስወጪው። ብቻውን ቤት ቢከራይ ከዚህ የባሰ ነው የሚበላው፤ ማታም ሻይ በዳቦ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ከባለቤትሽ ጋር መሶብ ቀርቦ ሳለ አትከራከሪ። ልጁ በሌለበት፣ ሱቅ ዘግቶ ሲገባ፣ እግሩን ሲያሳርፍ ጠብቂው። ይቺን ሂሳብ አሳዪው። ነጋዴ ነው፤ ገቢና ወጪ ይገባዋል። 3,200 የሚያወጣ ሰው 1,300 እየገባለት እስከ መቼ ሱቁን ክፍት እንደሚያቆይ ጠይቂው፤ መልሱን ራሱ ይሰጥሻል። የተናገራትንም ቃል ራሱ ያንሳት። «ጎበዝ፣ ና ብላ» ብሎ በእጁ አንድ ጊዜ ቢያጎርሰው ነገሩ ያልቃል።

ሦስተኛ፣ ወንድምሽም ድርሻ አለበት። ከእህት ቤት እየበሉ ገንዘቡን በሙሉ እቁብ መጣል ልክ አይደለም። እቁቡ ከመጣሉ በፊት የምግቡን ያስቀድም። በወር ይህን ያህል ብሎ በባለቤትሽ እጅ ቢሰጥ ሲበላ አንገቱን አይደፋም፤ ባለቤትሽም ቆጣሪ መሆኑ ይቀርለታል። ስንት እንደሚሆን ሦስታችሁ ተቀምጣችሁ ተነጋገሩ።

አራተኛ፣ የእረኝነቱን ጥበብ መርካቶ ይዞት ይምጣ። ጠዋት 200 ግራም በሶ ቋጥረሽ ስጪው። 700 ካሎሪ ያህል አለው፤ የሁለት እንጀራ ግድም ማለት ነው፤ ወጥ አይፈልግም፣ እጀታ ኪስ ውስጥ ይገባል። ከሥራው መሀል በውሃ በጥብጦ፣ ስኳር ወይም ማር ጠብ አድርጎ ይጠጣው። ቆሎውን በለውዝ ደባልቂለት። ጠዋት ከዳቦው ይልቅ ቂንጬ ወይም ንፍሮ ይሁንለት። ሽሮው ላይ የምትጨምሪው አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ነው። እንዲህ ከሆነ ማታ ሦስት እንጀራ የሚያነሳበት ምክንያት ይቀንሳል፤ የጤፍ ወጪሽም ትንሽ ይተነፍሳል። ባቄላውን፣ ምስሩን፣ ሲገኝም እንቁላሉን አትርሺ፤ ካሎሪ ማገዶ ነው እንጂ ጡንቻ አይጠግንም።

አምስተኛ፣ የሚተኛበትን አስተካክዪ። ሲሚንቶ ሌሊቱን ሙሉ ሙቀት ይመጥጣል። ከፍራሹ ሥር ካርቶን ወይም ሰሌን ደራርቢ፤ የአገሩን ባና አስመጪለት። ኤቨንኪዎችም የሚኖሩት በምድጃቸው ብቻ አይደለም፤ በአጋዘን ቆዳ ተጠቅልለው ነው። ያልወጣ ሙቀት እንዳልተበላ እንጀራ ነው። ሌላም ልብ የማይባል ነገር አለ። ሸክም ላይ ያለ ሰው ከሚያቃጥለው ነዳጅ ሦስት አራተኛ ያህሉ ሙቀት ሆኖ ነው የሚወጣው። ለዚህ ነው ተሸካሚዎች በማለዳ ብርድ በካናቴራ የሚታዩት። ሥራው ሲቆም ግን ያ በላብ የራሰ ካናቴራ ገላው ላይ በረዶ ይሆናል። ደረቅ ቅያሪ ይያዝ፤ ከአረቄ ይልቅ እሱ ያሞቀዋል።

ስድስተኛ፣ ጤና ጣቢያ ውሰጂው። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ሂሳቡ ክሳቱን ያስረዳል፤ ግን ብዙ እየበሉ መክሳት የበሽታ ምልክትም ይሆናል። ውሃ አብዝቶ የሚጠማውና ሽንት የሚመላለስ ከሆነ የስኳር ምርመራ ሳይውል ሳያድር ይደረግለት። ልቡ ዝም ብሎ የሚመታ፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ ብርድ ላይ ሆኖ የሚያልበው ከሆነ የታይሮይድ ዕጢው ይታይ። ሳል ከሁለት ሳምንት ካለፈ የአክታ ምርመራ ያስፈልጋል። የሆድ ትልም ካለም ይታይለት። በሶውን ጀምሮ ከሳምንታት በኋላ ክብደቱ መመለስ ካልጀመረም እንዲሁ።

በመጨረሻም ለልጁ አንድ ቃል አድርሺልኝ። «ጠገብኩ» እያልክ እህትህን አታታልላት ወንድሜ። መብላትህ ነውር አይደለም፤ የምትበላውን በጀርባህ ከፍለሃል። ምሳህን ግን አትዝለል፤ አረቄውንም ተው። እቁብህ የሚደርስህ ጀርባህ ሲኖር ነው።

እህቴ፣ ባለቤትሽ ሂሳቡን አይቶ ምን እንዳለ ጻፊልኝ። እናንተም አንባቢዎቼ፣ ቤታችሁ ከአገር ቤት የመጣ ወንድም ወይም እህት ካለ ማታ መሶቡን ከመቁጠራችሁ በፊት ቀኑን እንዴት እንደዋለ ጠይቁት። ለሳምንት ሰው ይበለን።